በኤስፒኤስ ቀለበት ውስጥ ጨረር ያናወጡ መጋጠሚያዎች፦ የጉዳይ ጥናት

ከጄኔቫ አጠገብ፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ሥር፣ 6.9 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ኤስፒኤስ የተባለ የፕሮቶን አፋጣኝ አለ። ሰርን የተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ድርጅት በ1976 ሥራ ያስጀመረው ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲነደፍ ፕሮቶኖችን አፋጥኖ በቆመ ዒላማ ላይ እንዲለቅ ነበር የታሰበው። ለዚህ ሥራ ወደ 4,200 የሚሆኑ ጥቅሎች (ተከታትለው ሲሄዱ ጨረሩን የሚሠሩ የፕሮቶን ስብስቦች) በ5 ናኖሰከንድ ልዩነት ይዞራሉ፤ አንዱ ጥቅል የሚይዘውም 10¹⁰ ገደማ ፕሮቶን ነው። ኤልኤችሲ የተባለው የሰርን ትልቅ የፕሮቶን ማጋጫ ሲታቀድ ኤስፒኤስ የእሱ መጋቢ እንዲሆን ተወሰነና ጥያቄው ተለወጠ፦ 288 ጥቅሎች፣ በ25 ናኖሰከንድ ልዩነት፣ እያንዳንዳቸው 1.15 × 10¹¹ ፕሮቶን ይዘው፣ ከ26 ወደ 450 ጊጋኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣት ጉልበት መለኪያ) ይውጡ ተባለ። በአንድ ጥቅል ውስጥ የታጨቀው የኤሌክትሪክ ሙል ከአሥር እጥፍ በላይ አደገ።

ይህን ሙል መሸከም ያቃተው በማግኔትና በማግኔት መካከል ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ቦታ ነበር።

መጋጠሚያው ምን ያደርጋል

የፕሮቶን ጥቅል በብረት ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ፣ በቱቦው የውስጥ ገጽ ላይ ምልክቱ ተቃራኒ የሆነ ጅረት አብሮት ይሮጣል። ይህ የግድግዳ ጅረት የሚሄደው በጣም ስስ በሆነ የብረቱ ንጣፍ ላይ ነው፤ በ1.4 ጊጋኸርዝ አይዝጌ ብረት ውስጥ ወደ 12 ማይክሮሜትር ይጠልቃል፣ መዳብ ውስጥ 2 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም። ቱቦው ስፋቱን እስካልቀየረ ድረስ ጅረቱ ሳይደናቀፍ ጥቅሉን ይከተላል። ቱቦው በድንገት ሲሰፋ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚለጠጠው ቤሎውስ ሲገጥመው፣ ወይም በሁለት ፍላንጆች (ቱቦ ከቱቦ የሚታሰርባቸው የጫፍ ቀለበቶች) መካከል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን ሲኖር ግን ዞሮ መሄድ ግድ ይሆንበታል። በዚህ ጊዜ ከጥቅሉ ላይ ጉልበት ይቀነስና በክፍተቱ ውስጥ ንዝረት ሆኖ ይቀራል። ጥቅሉ ካለፈ በኋላ የሚቆየውን ይህን መስክ እዚህ ዱካ እንለዋለን። መጀመሪያ የዚያው ጥቅል ጭራ፣ ቀጥሎ ከኋላ የሚመጣው ጥቅል፣ ዱካው ላይ ይደርሳሉ።

ኤስፒኤስ ጨረሩን የሚያጥፉ 744 ዲፖል ማግኔቶች አሉት። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የአንደኛው ዓይነት ክፍተት ወደ 39 ሚሊ ሜትር ከፍታና ወደ 150 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ሁለተኛው ወደ 52 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ 130 ይጠባል። ሁለቱን የሚያገናኘውና የቫኪዩም ፓምፑ የሚያያዝበት ክፍል ከሁለቱም የሰፋ ነው። እዚህ ላይ በእርሳስ የሚሠራ ስሌት ብዙ ይናገራል። 160 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቆርቆሮ መሰል ክፍተት የመጀመሪያው ንዝረቱ 1.43 ጊጋኸርዝ ላይ ይወድቃል። 150 በ39 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ደግሞ ይህን ዓይነት ሞገድ ማሳለፍ የሚጀምረው ወደ 4 ጊጋኸርዝ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ ንዝረቱ በግራም በቀኝም ማምለጫ የለውም፤ ጉልበቱ በብረቱ ግድግዳ ሙቀት ሆኖ እስኪያልቅ እዚያው ይጮኻል።

የ1.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ አንድ ዙር 0.7 ናኖሰከንድ ይፈጃል። ጥቅሉ ኤስፒኤስ ውስጥ ሲገባ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ናኖሰከንድ ነው። በአንድ ጥቅል ርዝመት ውስጥ ሞገዱ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው፤ አንዱን ቅንጣት እያፈጠነ፣ ጎረቤቱን እያዘገየ፣ ጥቅሉን ከውስጥ ያሸበሽበዋል። ሽብሽቡ ራሱ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚዘምር ጅረት ነውና ክፍተቱን መልሶ ያንቀጠቅጠዋል። የሙሉ መጠን ከገደብ ሲያልፍ ይህ መመላለስ ራሱን በራሱ ያሳድጋል፤ በሙያው ማይክሮዌቭ አለመረጋጋት የሚባለው ይህ ነው። ጥቅሉ ያብጣል፣ የፍጥነት ስርጭቱ ይሰፋል። ኤልኤችሲ ጥቅል የሚቀበልበት የ400 ሜጋኸርዝ ማዕበል አንድ ቋት 2.5 ናኖሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅሉ ከኤስፒኤስ ሲወጣ 1.7 ናኖሰከንድ አካባቢ መሆን አለበት። ያበጠ ጥቅል ዳር ዳሩ ከቋቱ ውጭ ይፈሳል።

ኤስፒኤስን ለዚህ ይበልጥ ያጋለጠው የመግቢያ ጉልበቱ ነው። በ26 ጊጋኤሌክትሮንቮልት የፕሮቶኑ ጋማ (ጉልበቱ ከዕረፍት ጉልበቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር) 27.7 ሲሆን የቀለበቱ የመሸጋገሪያ ጋማ (የሁሉም ቅንጣት የመዞሪያ ጊዜ እኩል የሚሆንበት) በቀድሞው የማግኔት አደራደር 22.8 ነበር። ሁለቱ ይህን ያህል ሲቀራረቡ ፈጣኑና ዘገምተኛው ቅንጣት ቀለበቱን የሚዞሩበት ጊዜ እምብዛም አይለያይም፤ ልዩነቱን የሚወስነው ቁጥር 0.0006 ገደማ ነው። ልዩነት ከሌለ ደግሞ ሽብሽቡን የሚበትነው የለም።

ጥፋተኛውን በጨረሩ ራሱ መፈለግ

6.9 ኪሎ ሜትር ቱቦ ውስጥ ፓምፕ ማያያዣው፣ ጨረሩን በቅጽበት ገፍቶ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ኪከር ማግኔት፣ በሬዲዮ ሞገድ የሚያፋጥነው የሬዲዮ ካቪቲ፣ የጨረር መለኪያው፣ የሚወጣውን ጨረር የሚለየው ማስወጫ ሴፕተም ሁሉም ተጠርጣሪ ነው። እያንዳንዱን ነቅሎ ላቦራቶሪ ማምጣት አይቻልም። በ1990ዎቹ የሰርን ባለሙያዎች የሄዱበት መንገድ፣ በእኛ ግምት፣ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከተሠራው ሁሉ ብልኅ የሆነው ነው።

ኤስፒኤስን ከሚመግበው ከፒኤስ አፋጣኝ አንድ ረጅም ጥቅል፣ 25 ናኖሰከንድ ገደማ የሚሆን፣ የፍጥነት ስርጭቱ እጅግ የጠበበ፣ ወደ ኤስፒኤስ ይላካል። የኤስፒኤስ የሬዲዮ ካቪቲዎች ግን ጠፍተው ይቆያሉ። ጥቅሉን የሚይዘው ነገር ስለሌለ ቀስ እያለ ይዘረጋል። በሚዘረጋበት ጊዜ በቀለበቱ ውስጥ ያሉት ክፍተቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍሪኩዌንሲ በጥቅሉ ላይ ሽብሽብ ይጽፋሉ። የግድግዳ ጅረት መለኪያው የጥቅሉን ቅርጽ በየዙሩ፣ ማለትም በየ23 ማይክሮሰከንዱ፣ ይመዘግባል፤ ምዝገባው ወደ ስፔክትረም (በየፍሪኩዌንሲው ያለው ድርሻ) ሲቀየር ክፍተቶቹ እንደ ቁንጮ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ።

ይህን መለኪያ የሚደግም ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የጥቅሉ ርዝመት ነው። አጭር ጥቅል ስፔክትረሙ ራሱ ሰፊ ስለሆነ የክፍተቱ ቁንጮ ከጥቅሉ የራሱ ድምፅ ጋር ይቀላቀላል፤ ረጅም ጥቅል ግን በጊጋኸርዝ አካባቢ የራሱ ድምፅ የለውም፣ እዚያ የታየው ሁሉ ከቀለበቱ የመጣ ነው። ሁለተኛው የፍጥነት ስርጭቱ ነው። ከሰፋ ጥቅሉ ቶሎ ተዘርግቶ ሽብሽቡ ሳያድግ ይጠፋል፤ መለኪያውም ባዶ ሆኖ «ኢምፔዳንስ የለም» (ጨረሩን የሚያደናቅፍ ነገር የለም) የሚል የሐሰት ምሥክርነት ይሰጣል።

የታዩት ቁንጮዎች ከእቃዎቹ ሥዕልና ከኮምፒውተር ስሌት ጋር ሲነጻጸሩ፣ 1.5 ጊጋኸርዝ አካባቢ የነበረው ሰፊ ጉብታ በማግኔቶች መካከል ካሉት የፓምፕ ማያያዣዎች ጋር ገጠመ። ሰፊ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። አንዱ ማያያዣ ለብቻው ቢለካ ጠባብ መስመር ይሰጣል፤ ነገር ግን መቶዎቹ ቅርጻቸው በጥቂቱ ስለሚለያይ መስመሮቻቸው ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

800 ጋሻ

በ1999 እና በ2001 መካከል በነበሩት የክረምት እረፍቶች ወደ 800 የሚጠጉ የፓምፕ ማያያዣዎች ውስጣቸው ተጋረደ። ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ያጋጭ የነበረው የሌፕ አፋጣኝ በኖቬምበር 2000 ስለተዘጋ፣ ኤስፒኤስ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ያፋጥንባቸው የነበሩ ካቪቲዎችም ወጡ። ቀለበቱን የማያገለግል ካቪቲ ቆሞ ቢቀር ሥራ ፈት አይደለም፤ ጨረሩ ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

ጋሻው ሐሳቡ ቀላል ነው። ከአንዱ ቱቦ አፍ እስከ ሌላው አፍ የሚደርስ ስስ የብረት እጅጌ ይገባና የግድግዳው ጅረት በዚያ ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል፤ ሰፊው ክፍል ከእጅጌው ጀርባ ይቀራል። ጅረቱ የሚጠልቀው በማይክሮሜትር ስለሆነ የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት አሥረኛ የሆነ ቆርቆሮ ለኤሌክትሪኩ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ውፍረት ለጥንካሬ ነው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ጋሻ አራት ጥያቄ አብሮ መመለስ አለበት፤ አንዱን ስትመልስ ሌላውን የምታበላሽባቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ፓምፑ ነው። ጋሻው ሙሉ በሙሉ ከዘጋ አየሩ አይሳብም። ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳዎቹም ረጅም ጎናቸው ከጨረሩ አቅጣጫ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ጅረቱ በዚያው አቅጣጫ ስለሚሄድ በቀዳዳዎቹ መካከል ያልፋል። ቀዳዳው ተሻጋሪ ቢሆን ጅረቱ ይቆረጥና ቀዳዳው ራሱ አንቴና ይሆናል። የቀዳዳው ስፋት ሲጨምር ጉዳቱ በስፋቱ ሦስተኛ ርቢ ገደማ ያድጋል፤ አንድ ሰፊ ቀዳዳ ከማበጀት ብዙ ጠባቦችን መደርደር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጫፎቹ መሞረድና መክበብ አለባቸው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ቤሎውሱ የተቀመጠው ቱቦው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዲለጠጥ፣ ማግኔትም ሲተካከል እንዲታጠፍ ነው። ጋሻው በሁለቱም ጫፍ ቢበየድ ቤሎውሱ ሥራውን ያጣል። ስለዚህ አንዱ ጫፍ ይታሰራል፣ ሌላው በምንጭ መሰል ጣቶች እየተንሸራተተ ይነካል።

ሦስተኛው የነዚያ ጣቶች ንክኪ ነው። ንክኪ ያጣ ጣት ከጋሻ አለመኖር ይብሳል፤ ጠባብ ክፍተት ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይሸከማል፣ ብልጭታ ይፈጥራል፣ ይሞቃል። ኤልኤችሲ በ2011 ይህን በዓይን አሳይቷል። ቪኤምቲኤስኤ በሚባሉ ባለ ሁለት ቤሎውስ ክፍሎች ውስጥ ጣቶቹን አቅፎ የሚይዘው የምንጭ ቀለበት ሞቆ ውጥረቱን አጣ፣ ጣቶቹ ተንጠለጠሉ። አንድ ጊዜ ጣቱ ከለቀቀ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ምንጩ ይበልጥ ይላላል። በንድፍ ጊዜ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ «አሁን ይነካል?» የሚለው አይበቃም። ቱቦው በሚፈቀደው ሁሉ ተለጥጦ፣ ወደ ጎንም በሚፈቀደው ሁሉ ተዛብቶ፣ በዚያ ላይ ምንጩ ሞቆ ይነካል ወይ ነው።

አራተኛው የጨረሩ መተላለፊያ ነው። እጅጌው ከሁለቱ ቱቦዎች አንዱን እንኳ ማጥበብ የለበትም፤ ሁለት የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ቱቦዎች ሲያያዙም ሽግግሩ ቀስ ያለ መሆን አለበት። ቦታ ካለ ከ15 ዲግሪ ያልበለጠ ማዘንበል ጥሩ መነሻ ነው፤ በማግኔቶች መካከል ግን ያን ያህል ርዝመት ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጋሻዎቹ ገብተው በ2001 ጨረሩ ሲመለስ፣ ለኤልኤችሲ በተወሰነው መጠን ጥቅሉን ያሳብጠው የነበረው የማይክሮዌቭ አለመረጋጋት አልታየም። ጥቅል ከጥቅል ጋር የሚያያዝበት ሌላው አለመረጋጋት ቀርቶ ነበር፤ እሱን በ800 ሜጋኸርዝ ተጨማሪ ካቪቲና ጥቅሉን ሆን ብሎ በልክ በማስፋት ያዙት።

በድጋሚ 1.4 ጊጋኸርዝ

ኤልኤችሲ ወደ ከፍተኛ ብርሃናማነት (ብዙ ግጭት ወደሚሰጥ አሠራር) ሲያድግ ከኤስፒኤስ የሚፈለገው በአንድ ጥቅል 2.3 × 10¹¹ ፕሮቶን ሆነ። ኤስፒኤስ ግን 288 ጥቅል ይዞ በ1.3 × 10¹¹ አካባቢ ገደቡን ይነካ ነበር። በ2012 የቀለበቱ አደራደር ተለውጦ የመሸጋገሪያው ጋማ ወደ 18 ወረደ፤ ቀደም ብለን ያነሣነው 0.0006 በመግቢያ ጉልበት 2.8 እጥፍ ገደማ አደገ፣ ሽብሽብ የሚበትነውም ኃይል አብሮት። ክፍተቶቹን ሳይነኩ የተገኘ ትልቅ ትርፍ ነው። ዋጋው ግን በካቪቲው ቮልቴጅ ይከፈላል፤ ጥቅሉን በዚያው ርዝመት ለመያዝ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በዚያው ምጣኔ ያድጋል። በ450 ጊጋኤሌክትሮንቮልት ጭማሪው 1.6 እጥፍ ነው፣ ቮልቴጁም ገደብ አለው። ክፍተቶቹን ወደ መንካት መመለስ ግድ ሆነ።

የረጅሙ ጥቅል መለኪያ ተደገመ። 1.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጎልቶ የወጣ ቁንጮ ነበር። ፍለጋው ያረፈው በመጀመሪያው ዘመቻ ያልተጋረዱ የቫኪዩም ፍላንጆች ላይ ነው፤ በተለይም ጨረሩን በአግድም ከሚያጠብቡት ኳድሩፖል ማግኔቶች አጠገብ፣ ሰፊው ቱቦ በሚገኝበት። ከነሱ ብዙዎቹ ፊታቸው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ኢናሜል የተለበጠ ነው፤ በቱቦው ላይ በመሬት በኩል የሚዞር ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ጅረት እንዳይኖር ቱቦውን በየቦታው ለመቁረጥ። የግድግዳው ጅረትም አብሮ ይቆረጣል።

ከነዚህ ፍላንጆች አንዳንዶቹ ውስጥ ቀደም ሲል የገቡ ማዳከሚያ ሬዚስተሮች ነበሩ። እነሱ እያሉ ጨረሩ ለምን ተናወጠ? የዚህ መልስ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ረጋ ብለን እንሂድበት።

አንድ ክፍተት በሦስት ቁጥር ይገለጻል። አንዱ ፍሪኩዌንሲው ነው። ሁለተኛው ኪው፣ ንዝረቱ ስንት ዙር እንደሚቆይ የሚናገረው። ሦስተኛው አር-በ-ኪው ነው፤ ጥቅሉ ሲያልፍ ክፍተቱን ምን ያህል እንደሚመታው የሚወስነው ይህ ቁጥር ከቅርጹ ብቻ ይመጣል። ሬዚስተር ኪውን ይቀንሳል፤ አር-በ-ኪውን አይነካም።

በቁጥር ብናየው፣ 1.4 ጊጋኸርዝ ላይ ኪው 200 ከሆነ ዱካው በ45 ናኖሰከንድ ወደ 37 በመቶው ይወርዳል። ቀጣዩ ጥቅል ከ25 ናኖሰከንድ በኋላ ሲደርስ ከዱካው 57 በመቶ ይጠብቀዋል። ሬዚስተር ገብቶ ኪው 50 ቢሆን ለቀጣዩ ጥቅል የሚተርፈው 11 በመቶ ብቻ ነው። ጥቅል ከጥቅል ለሚያያዝበት አለመረጋጋት ይህ መድኃኒት ነው። ነገር ግን 3 ናኖሰከንድ ርዝመት ያለው ጥቅል ጭራው ሲደርስ፣ በዚሁ በ50 ኪው እንኳ፣ ራሱ የፈጠረው ዱካ 77 በመቶው አለ። አንድን ጥቅል ከራሱ ዱካ ለማዳን ኪው ከ10 በታች መውረድ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሬዚስተሩ በጠባቡ ፍላንጅ ውስጥ ቦታ አይበቃውም። ጋሻ ግን አር-በ-ኪውን ራሱን ያጠፋል፤ ጥቅሉ ክፍተቱን ከመጀመሪያውም አይመታውም።

ሌላም ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። 1.65 ናኖሰከንድ ርዝመት ያለው ጥቅል እንደ ደወል ቅርጽ ብንወስደው፣ 1.4 ጊጋኸርዝ ላይ ያለው የስፔክትረም ድርሻ ከከፍተኛው አንድ ሺህኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ኃይሉ የዚህ ካሬ ስለሆነ ፍላንጁ አይሞቅም። ሙቀት መለኪያ ለጥፎ «ሰላም ነው» ያለ ሰው ይሳሳታል፤ አለመረጋጋቱ የሚያድገው ከጥቅሉ አማካይ ቅርጽ ሳይሆን ከውስጥ ሽብሽቡ ነው፣ ሽብሽቡም ከዜሮ ተነሥቶ በእጥፍ እያደገ ይሄዳል። የሙቀት ችግርና የመረጋጋት ችግር በአንድ እቃ ላይ በተለያየ ፍሪኩዌንሲ ሊመጡ ይችላሉ፣ ለየብቻ መፈተሽ አለባቸው።

ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ፍላንጅ ሲለካ፣ መሐሉ ላይ ሽቦ ዘርግቶ ኔትወርክ አናላይዘር (በየፍሪኩዌንሲው ምላሽን የሚለካ መሣሪያ) ማገናኘት የተለመደ ነው። ለታፈነ ንዝረት ግን ይህ አያዋጣም፤ ሽቦው ራሱ ማምለጫ መንገድ ይሆናል፣ ኪው ይወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይንሸራተታል። ኪውን በሁለት ትናንሽ አንቴናዎች፣ እምብዛም ሳይጠጉ፣ መለካት ይሻላል። አር-በ-ኪው የሚገኘው ትንሽ ዶቃ በቀጭን ክር በጨረሩ መስመር ላይ እየጎተቱ የፍሪኩዌንሲውን መንሸራተት በመመዝገብ ነው።

ቀጥሎ የመጣው እርምጃ ቆጠራ ነበር፦ በቀለበቱ ውስጥ የትኛው ዓይነት ፍላንጅ ስንት ቦታ አለ፣ ስንቱ ኢናሜል አለው፣ ስንቱ ሬዚስተር አለው። ይህ ሁሉ ከካቪቲዎቹና ከኪከሮቹ ጋር ተደምሮ ብሎንድ ወደተባለው የሰርን ማስመሰያ ፕሮግራም ገባ። ስሌቱ መጀመሪያ በቀለበቱ ላይ የተለካውን ገደብ መድገም ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ነው አንዱን እቃ ከሞዴሉ አውጥቶ ገደቡ ስንት እንደሚያድግ መጠየቅ የሚቻለው። በዚህ መንገድ ሁለት ሥራዎች ቀድመው ወጡ፦ የነዚያን ፍላንጆች መጋረድ፣ እና በ200 ሜጋኸርዝ ካቪቲዎቹ ውስጥ 630 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን ተጨማሪ ንዝረት ይበልጥ ማዳከም።

ኢናሜል ያለበት ፍላንጅ ላይ ጋሻ ማስገባት አንድ እንቆቅልሽ አለው፤ ለዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ መቁረጥ፣ ለከፍተኛው ግን ማገናኘት አለበት። ይህ ሲገጥም ሁለት የብረት ጠርዞችን በስስ መከላከያ ለይቶ መደራረብ አንዱ መውጫ ነው። 50 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ፖሊኢማይድ ፕላስቲክ በመካከል አድርጎ 17 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢደራረብ 1 ናኖፋራድ ገደማ ይገኛል። ይህ በ1.4 ጊጋኸርዝ 0.11 ኦም ነው፣ እንደ ተገናኘ ይቆጠራል፤ በ50 ኸርዝ ግን ከ3 ሚሊዮን ኦም በላይ ነው። ወጥመዱ ያለው ከጀርባ ነው። በውጭ በኩል ሁለቱን ቱቦዎች የሚያገናኝ ገመድ 10 ናኖሄንሪ ኢንደክታንስ ቢኖረው፣ ከዚያ 1 ናኖፋራድ ጋር ተጣምሮ 50 ሜጋኸርዝ አካባቢ አዲስ ንዝረት ይወልዳል፣ እዚያ ደግሞ የጨረሩ ስፔክትረም ኃይለኛ ነው።

በ2019 እና 2020 በነበረው ረጅም እረፍት ጋሻዎቹ ገቡ። በዚያው እረፍት ከ4 ካቪቲዎች ወደ 6 አጠር ያሉ ካቪቲዎች ተሸጋገሩ፤ 2 ባለ 4 ክፍልና 2 ባለ 5 ክፍል የነበሩት 2 ባለ 4 እና 4 ባለ 3 ሆኑ። አጭር ካቪቲ በከባድ ጨረር ሥር ቮልቴጁ ቶሎ አይወድቅም፣ ጨረሩ የሚያየው ኢምፔዳንስም ይቀንሳል።

ኪከሮቹ

የኪከር ማግኔት ውስጡ ፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ነው፤ ጨረሩን በማይክሮሰከንድ ውስጥ ለመግፋት ፈጣን መስክ ማስተላለፍ ስላለበት በብረት ሊሸፈን አይችልም። ፌራይቱ የጨረሩን ጉልበት ይመጥጣል፣ ይሞቃል፤ የኩሪ ሙቀቱ ሲቀርብ መግነጢሳዊ ባሕርዩን ያጣና ግፊቱ ይደክማል። ኤስፒኤስ ላይ የተመረጠው በማስወጫ ኪከሮቹ ፌራይት ላይ የብር ቅብ መስመሮችን ማተም ነው፤ ከሁለት ጫፍ እንደ ሁለት ማበጠሪያ ጥርስ ገባ ገባ የሚሉ፣ የማይነካኩ። የጨረሩ ጅረት በመስመሮቹ ላይ ይዘላል፣ ቀርፋፋው የኪከር መስክ ግን ያልፋል። ሙቀቱ በግልጽ ቀነሰ። የጥርሶቹ ርዝመት ግን የራሱ ንዝረት አመጣ፤ ከ44 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ጨረሩ በየ25 ናኖሰከንዱ ጥቅል ስላለው ኃይሉ በ40 ሜጋኸርዝ ብዜቶች ላይ ይከማቻል፤ 44 ከመጀመሪያው መስመር 4 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው የሚርቀው። የጥርስ ርዝመት ሲወሰን ይህን ርቀት መጠበቅ ዋናው ሒሳብ ነው።

የማስገቢያው ኪከር ትልቁ ክፍል ቀድሞ አልተለበጠም። ከ2021 በኋላ የጨረሩ መጠን ሲጨምር እሱ መሞቅና ቫኪዩሙን ማበላሸት ጀመረ፤ ከ2022 ወደ 2023 በተሻገረው ክረምት የብር መስመር የታተመበት የአሉሚና ሴራሚክ ቱቦ ባለው አዲስ ተተካ።

ኤፕሪል 2023

ጨረሩ ወደ ላይ ሲገፋ ቀጣዩ ደካማ ነጥብ ማንም ካልጠበቀው ቦታ መጣ። የጨረሩን ስፋት የሚለኩት ሽቦ ስካነሮች ከፀጉር የቀጠነ የካርቦን ሽቦ አላቸው፤ ሽቦው በሥራ ጊዜ ብቻ ጨረሩን ይሻገራል፣ ሌላ ጊዜ ከታንኩ ጥግ ይቆማል። በኤፕሪል 2023 በጥቂት ቀናት ውስጥ አራቱም ተበጠሱ፤ ጨረሩን እየተሻገሩ ሳይሆን በማቆሚያ ቦታቸው ቆመው።

ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። 288 ጥቅል በ2.3 × 10¹¹ ፕሮቶን በቀለበቱ ውስጥ አማካይ ጅረቱ 0.46 አምፔር ነው። በታንኩ ውስጥ ያለ ንዝረት ፍሪኩዌንሲው ከ40 ሜጋኸርዝ ብዜት ጋር ሲገጥም፣ ለምሳሌ 800 ሜጋኸርዝ ላይ፣ በእያንዳንዱ 1,000 ኦም ሻንት ሬዚስታንስ (ንዝረቱ ለጨረሩ የሚያሳየው ተቃውሞ) 6 ዋት ገደማ ይለቃል። ለታንኩ ግድግዳ 6 ዋት ምንም አይደለም። ሽቦው ግን በቫኪዩም ውስጥ ተንጠልጥሎ ሙቀቱን የሚጥለው በመፍካት ብቻ ነው፣ ካርቦንም ከታንኩ ብረት በላይ ኃይሉን ይመጥጣል። የትንሽ ዋት ክፍልፋይ ይበቃዋል።

መፍትሔው ላይ ከፍላንጁ የተለየ መንገድ ተኬደ፤ ስካነር የሚንቀሳቀስ ክንድ ስላለው ጋሻ አይገባበትም። ኃይሉን ከታንኩ ውጭ ወደ ሬዚስተር የሚያወጣ ኩፕለር ተጨመረ፣ በውስጥም ፌራይት ተቀመጠ። ፌራይት የሚቀመጠው መግነጢሳዊ መስኩ በሚበረታበት ግድግዳ ላይ ከጨረሩ ርቆ፣ ሙቀቱን ወደ ብረቱ በሚያስተላልፍ ንክኪ ነው፤ በቫኪዩም ውስጥ ተንጠልጥሎ የቀረ ፌራይት ራሱ ይሞቅና አየር መትፋት ይጀምራል። ኩፕለሩ ከፌራይቱ የሚሻልበት ቦታም ይኸው ነው፤ ኃይሉ ከቫኪዩም ውጭ፣ ማቀዝቀዝ በሚቻልበት ይቃጠላል። ሁለቱም ከገቡ በኋላ ታንኩ በአንቴናዎቹ እንደገና ይለካል፤ ክንዱ በማቆሚያው ላይ፣ በመካከል፣ በሌላኛው ጫፍም ሆኖ፣ ምክንያቱም ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የንዝረቱ ፍሪኩዌንሲ ይንሸራተታል፣ በአንዱ ቦታ ከ40 ሜጋኸርዝ ብዜት የራቀው መስመር በሌላው ቦታ ልክ ላዩ ላይ ሊያርፍ ይችላል።